የግርጌው ፓነል

ጥፋቱ የስጦታ ነበር። የአባቷ ቅኔ የጠፋው እሷ በደበቀችው ፓነል ምክንያት ነው።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከታመሙ ወዲህ የተቀኙትን በቃል መያዝ ስላቃታቸው፣ በልጃቸው አሮጌ ላፕቶፕ በአንድ ጣት መጻፍ ለምደው ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጠቋሚው ወደ ስክሪኑ ግርጌ በተንሸራተተ ቁጥር፣ ሰዓቱንና የባትሪውን ምልክት የያዘው ፓነል ብቅ እያለ የመጨረሻውን መስመር ይሸፍንባቸዋል። «ይኸስ ሳይጠሩት ከች የሚል ዲያቆን ነው» እያሉ ያሾፉ ነበር። ስጦታ ኮምፒውተር የተማረች፣ ትዕግሥት ያልፈጠረባት ልጅ ናት። የጎንደሩ አውቶቡስ ሊያመልጣት ሲል ፓነሉን ጨርሶ እንዳይመለስ አድርጋ ደበቀችው። ጽሑፉን ሴቭ ማድረግም አላስተማረቻቸውም፤ ስመጣ እኔ አደርገዋለሁ ብላቸው ሄደች።

ባለፈው ሐሙስ ቀትር ላይ ደባርቅ መብራት ጠፋ። መሪጌታ ለሟች ባለቤታቸው ለታንጉት የሰማንያ ቀን መታሰቢያ የሚሆነውን ቅኔ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጽፉ ዋሉ። ባትሪው ማለቁን የሚናገረው ምልክት የተደበቀው ፓነል ላይ ነበር። ስክሪኑ ጠቆረ። ቅኔው ከዚያ በኋላ አልተገኘም፤ እሳቸውም በቃላቸው አልያዙትም ነበር።

ሰማንያው ነገ ነው። ስጦታ ማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደርሳ፣ ከጎረቤት ጋር እንኳ ሰላምታ ሳትለዋወጥ ሥራዋ ላይ ተቀመጠች። አሁን ጠቋሚው ግርጌው ላይ አንድ ሰከንድ ካላረፈ ፓነሉ አይነሳም። ሲነሳም ጽሑፉን ወደ ላይ ገፋ ያደርገዋል እንጂ አይሸፍነውም። ባትሪው ሲደክም ግን ማንም ሳይነካው ራሱ ይወጣል። ይህን ለማየት ኬብሉን ነቅላ ተወችው። ጽሑፉም በየደቂቃው ሴቭ ይሆናል። ከወር በፊት ብትሠራው ግማሽ ቀን አይፈጅባትም ነበር።

«አባባ፣ ይሞክሩት። ከእንግዲህ አይሸፍንብዎትም።»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ጠቋሚው ግርጌውን ጠርጎ አለፈ። ፓነሉ ንቅንቅ አላለም።

«ጨዋ አደረግሽው» አሉ ፈገግ ብለው።

ስጦታ ጠበቀች። ጣታቸው ፊደሎቹ ላይ እንዳንዣበበ ቀረ። ውጭ፣ ከአዲ አርቃይ የወጣ የጭነት መኪና ዳገቱን ጨርሶ እያጓራ አለፈ።

«የእናትሽ የክርስትና ስም ማን ነበር?»

የሚቀልዱ መሰላት። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረው ኖረዋል።

«ወለተ ኪዳን።»

ፊደል በፊደል ለቅመው ጻፉት። ዓይናቸው ከስክሪኑ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ እሷ ዞረ።

«የእናትሽ የክርስትና ስም... ማን ነበር?»

ስሙ እፊታቸው ተጽፎ ነበር። ስጦታ በጣቷ አሳየቻቸው። መሪጌታ ስሙን ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ ገባቸው። እንደገባቸው አየች።

«ነገ ሌላ ሰው ይቀኝላት» አሉ።

ያን ጊዜ ባትሪው ደከመ። ፓነሉ ከግርጌው ቀስ ብሎ ወጣና ስሙን ሳይሸፍን ጥቂት ወደ ላይ ገፋው። ጧቱን ሙሉ የደከመችበት ይኸው ነበር፤ እንከን አልነበረውም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አነሱ። ልጃቸውን ሳያዩ ወጡና፣ በእንግድነት ካደረበት ቤት እንደሚሄድ ሰው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።