የሆቴሉ ምድር ቤት

ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጉርድ ቀሚስ የምትለብሰው ለመንገድ ብቻ ነው። ሆቴሉ ስትደርስ አውልቃ ምስማር ላይ ትሰቅላቸውና የላስቲክ ሽርጧን ታጥቃ ወደ ምድር ቤቱ ትወርዳለች። እዚያ የእንግዳ አንሶላ ስታጥብ ትውላለች። አሥራ ሁለተኛን፣ ያውም በጥሩ ውጤት፣ ጨርሳ ስንቱን ደጅ ስትጠና ከርማ ያገኘችው ይህንኑ ነው። ቤት ግን ጸሐፊ ናት።

ውሸቱን የጀመረችው ለታናሽ እህቷ ብላ ነው። ሚጢ አምና ደብተሯን ወርውራ፣ «አንቺ ጨርሰሽ ምን አገኘሽ?» ብላት ከትምህርት ቤት ቀረች። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እናትም እሷው ናት። ስለዚህ በአንሶላ አጣቢነት የተቀጠረች ዕለት፣ የትምህርት ማስረጃዬን አይተው ቢሮ አስገቡኝ አለች። ሚጢም ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። እንዲህ የሚጠቅም ውሸት ማን ይተዋል?

ዛሬ ምላሳቸው የማያርፈው የአጣቢዎች አለቃ ከደረጃው ላይ እንግዳ አለሽ አሏት። እንግዳዋ፣ ጸሐፊዋን እህቴን ጥሩልኝ እያለች ላይ ቤት ስታስቸግር አግኝተዋት ነው፤ ስምሽን ብትጠራ ጊዜ ይዣት መጣሁ ብለው ሳቁ። ሚጢ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከኋላቸው ቆማለች። በሙከራው ፈተና አንደኛ መውጣቷን ልታበስር ከትምህርት ቤት በቀጥታ መምጣቷ ነበር። ሽርጡን አየች፤ በረኪና የላጠውን እጅም አየች።

ታላቅየዋ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ዋናው ፈተና ደርሷል» አለች። «ለኔ ብለሽ ትምህርቱን ጨርሺው።»

«ለምን እትዬ? እዚህ ለመውረድ?»

ታላቅየዋ አንቺ ትለያለሽ ልትላት ፈለገች፤ እሷም ተማሪ ሳለች እንዲሁ ተብላ ነበርና አፏ እንቢ አላት።

ሚጢ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። እጅጌዋን ሰብስባ እህቷ የያዘችውን እርጥብ አንሶላ በሌላው ጫፍ ያዘች። ልቀቂ ብትባል አልለቀቀችም። ታላቅየዋ ልትነጥቃት እያለቀሰች ወደ ራሷ ጠመዘዘች፤ ሚጢም ወደ ራሷ። አንሶላው መሐላቸው ተጨምቆ ውሃው ይንዠቀዠቅ ጀመር።

«ይቺስ ሥራ ታውቃለች» አሉ አለቃዋ።