የተረፈው ቱቦ

«አባዬ፣ ይኼ የፊት ጎማ ያጉረመርማል» አለችኝ ልጄ። ልጄ እላለሁ እንጂ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ናት። እሱ በሞተር ወድቆ ሲሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ አሳደግኋት፣ አባዬ አለችኝ። ስታድግ ደግሞ ከሞተር ሁሉ መርጣ የአባቷን ዓይነት ገዛች! ጨጓራዬን ላጠችው። ዛሬ ከሰዓት ሥራ ትጀምራለች፤ የምትሄደውም በዚሁ ነው።

ጎማውን ፈታሁት፤ ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቋል። ለዚህ ደግሞ ጋራዥ ምን ያደርጋል? በረንዳው ላይ ጨርቅ አነጠፍኩ። ሁለቱን አሮጌ ኩሽኔታዎች በካቻቢቴና በመዶሻ እየመታሁ አወጣኋቸው። አንዱን አዲስ በቡሶላ መፍቻ ጠርዝ ጠርዙን መትቼ አስገባሁ። ከዚያ በመሃል የሚገባውን አጭር ቱቦ ግራሶ ቀብቼ ከተትኩ፤ በላዩ ሁለተኛውን። ቱቦው ከተረሳ፣ ጎማው ሲታሰር ኩሽኔታዎቹ ይጨመቁና መንገድ ላይ ይሰባበራሉ። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በጣቴ አዞርኩት። ድምፅ የለም። «እሰይ!» ብዬ ዞር ስል፣ ጨርቁ ላይ ቱቦ ተኝቷል።

«አንቺ፣ ቱቦውን ስከተው አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ማርጀት ጀመርክ እንዴ?» ሳቀች።

በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ። ቱቦው ቦታው ላይ ነው። ታዲያ ይኼኛው ከየት መጣ? አነሳሁት። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ብረት እንዲህ አይቀዘቅዝም። ጫፉ ላይ ጭረት አለ፤ በገዛ ሞረዴ የሞረድኩት።

የወንድሜን ጎማ የሠራሁ ቀን፣ እሱ ከሄደ በኋላ ነው ይኼን ቱቦ ጨርቁ ላይ ያየሁት። ደወልኩ፤ አላነሳም። ማታ ሬሳው መጣ። ቱቦውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት፤ ጭቃው ሲውጠው ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ «መንገዱ ገደለው» እያልኩ ኖርኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ በሆዴ እስቅ ነበር።

«ትርፍ ከሆነ ጣለዋ፣ ሰዓቴ ደረሰ!» አለች ሄልሜቷን እያጠለቀች።

ልጥለው ብል ጣቶቼ እምቢ አሉ። ቅዝቃዜው ክርኔ ድረስ ወጣ። ብነግራት አጣታለሁ። ዝም ብል ደግሞ፣ ይኼው ቅዝቃዜ ከኋላዋ ተፈናጥጦ የሚሄድ መሰለኝ። ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«አባትሽን መንገድ አልገደለውም» አልኳት። «እኔ ነኝ። ይኼን ሳልከት ረስቼ።»

ቱቦው ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችው።

«ይሞቃል» አለች፣ ቀስ ብላ። ኪሷ ከተተችው።

ጎማውን አሰርኩላት። ስጨርስ መፍቻውን ተቀበለችኝና ያሰርኩትን ሁሉ እንደገና አጠበቀች። ከዚያ ሞተሩን አስነሳች።

«ደህና ይዋሉ፣ አጎቴ» አለችኝ።