ረቡዕ ሥጋ ነው

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ ቦነስ አይረስ፣ ቪያ ክሬስፖ ሰፈር፣ የአይሁድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ልጆቹ መምህርት አይሉኝም፣ በዕብራይስጡ ሞራ ነው የሚሉኝ። አርብ አርብ ሻማ እናበራለን፣ የሰንበት ዳቦ እንጎነጉናለን፣ ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንዘፍናለን። አጥብቄ የማስተምረው ግን አንድ ነገር ነው፤ ሥጋና ወተት አይገናኙም። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ከመቅመሱ በፊት ይጠብቃል። የአምስት ዓመት ልጅ መጠበቅን ካወቀ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

እንግዲህ የዚያን ረቡዕ ዶን ናኡም ኬክ ተሸክመው በር ላይ ብቅ ሲሉ ቆሽቴ አረረ።

ዶን ናኡም የፍሪዳ አያት ናቸው። ፍሪዳ በመጋቢት ነው ከሰሜኑ ክፍለ ሀገር፣ ከቱኩማን የመጣችው፤ እናቷ ለሥራ እዚያው ቀርታ። የአገሯ ሰው ሲያወራ ዜማ አለው። ልጆቹ ይህችን ያዙና፣ «እየዘፈነች ነው እኮ የምታወራው» እያሉ አላስቀምጥ አሏት። አውራቸው ኢላን የሚባል ፊቱ ጠቃጠቆ የሞላው ልጅ ነው፤ እሱ ሲያስመስላት ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ይንፈራፈራል። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ቦታ ቀያየርኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ። እሷም ማውራቱን ተወችውና ከጠረጴዛው ጫፍ ብቻዋን መቀመጥ ለመደች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቀሚሴን እየጎተተች፣ «ሞራ፣ በልደቴ ቀን ሁሉም አጠገቤ ይቀመጣሉ አይደል?» ትለኛለች። እኔም ሞኟ፣ «አዎ የኔ ቆንጆ» እላለሁ። ቃል ገባሁ ማለት ነው።

ኬኩ ሦስት ድርብ ነው፤ በየመሃሉ ዱልሴ ዴ ሌቼ፣ ያ ቡናማው የወተት ማር፣ በጎን በጎኑ ይፈሳል።

«ዶን ናኡም፣ ይሄ እኮ ወተት ነው።»

«ማኅተም አለው።» ካርቶኑን አዙረው በሕጋችን የተፈቀደ ምግብ መሆኑን የሚመሰክረውን ማኅተም አሳዩኝ። «የራቢ ማኅተም ያለበት ይሁን አላችሁ። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ማኅተም ያለው ዳቦ ቤት ሄድኩ። አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?»

«ማኅተሙስ ደህና ነው። ዛሬ ሥጋ ነው እንጂ። ወጥ ቤቱ የማክሰኞንና የረቡዕን ምሳ አቀያይሮታል። ሰኞ ዕለት በየልጁ ቦርሳ ወረቀት ልኬ ነበር።»

«እኔ ዘንድ ወረቀት አልደረሰም።»

«ሌላው ወላጅ ሁሉ ደርሶታል።»

«የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ልቦናዬ አይደለም፣ ልጄ። አልደረሰም አልኩሽ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞስ እቤት ሥጋዋን አይብ አቅልጬበት ነው የምትበላው። እስከ ዛሬ መብረቅ አልወረደብንም» አሉኝ።

«ይህንን ልጆቹ ፊት እንዳይደግሙት» አልኩና ኬኩን ተቀበልኳቸው።

የወጥ ቤቱ ተቆጣጣሪ ራቢ መናሼ ገና ጢሙ ያልሞላ ወጣት ነው። ካርቶኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ሥጋ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አይወጣም።»

«ግቢው ውስጥስ?»

«ሥጋውን ከበሉ ሕፃናት ስለሆኑ አንድ ሰዓት ይቆዩ።»

ልጆቹ ምሳ በበሉ በአርባ አምስት ደቂቃ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። አንድ ሰዓት ከየት ላምጣ? ኬኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ፣ ሻማውን እንኳ ታጥፋ ብዬ ሻማ ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ወረቀቶቹ እዚያ ናቸው። ሃያውም፣ በላስቲክ እንደታሰሩ፤ አንዱም አልተላከ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ሽማግሌውን በር ላይ ያንን ሁሉ ተናግሬ። ቦርሳውን ዘግቼ ወደ መብል ቤቱ ገባሁ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አፍሬ ነበር፤ ንዴቴ ግን ከእፍረቴ ይብስ ነበር።

ምሳው ቀርቧል። ሚላኔሳ ነው፣ ዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ የተጠበሰ ሥጋ፣ ከተፈጨ ድንች ጋር። ኢላን ግን ሹካውን እንደያዘ መስኮቱ ላይ አፍጥጧል።

«ሞራ፣ ያ ኬክ የማን ነው?»

«የፍሪዳ። ልደቷ ነው። ግን ወተት አለበት፣ ዛሬ ደግሞ ሥጋ ነው፤ ስለዚህ አይበላም።»

ኢላን ሳህኑን አየ፣ ኬኩን አየ።

«እኔ ሥጋውን ገና አልነካሁም። ያልበላ ሰው ኬክ ይችላል አይደል?»

በር ላይ የቆመው መናሼ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ «ይችላል» አለ።

ኢላን ሳህኑን ገፋ አደረገው። ከዚያ አጠገቡ ያለችው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው። አንድ አፍታ ሳይቆይ ሥጋው ሁሉ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ። አብሳይዋ ስታጉረመርም እሰማታለሁ። ለፍሪዳ ብለው ነው ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ለዱልሴ ዴ ሌቼው ነው። ይሁን፤ ብቻ አጠገቧ ይቀመጡ። እጃቸውን አስታጥቤ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጋሁ።

«ፍሪዳ፣ ነይ እንጂ።»

ከጠረጴዛዋ ጫፍ አልተነሳችም። ሄጄ ሳህኗን አየሁት። ባዶ ነው፤ ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም። ለካ የሚያወራት ስለሌለ ሁልጊዜ ቀድማ ነው የምትጨርሰው።

«በልቻለሁ፣ ሞራ» አለችኝ።

መናሼ ጎንበስ ብሎ፣ «ልደትሽ ነው፣ ገና ሕፃንም ነሽ፣ ለዛሬ ግድ የለም። አፍሽን ተጉመጥመጪና ብዪ» አላት።

«ሞራ ጠብቁ ብላለች።»

ኬኩን ተከትለው የገቡት ዶን ናኡም አላስቻላቸውም። «አንቺ ልጅ፣ እቤት አይብ ያለበት አይደል እንዴ የምትበዪው?»

«እቤት እቤት ነው፣ ዛይዴ። እዚህ ሞራ አለች።»

ዛይዴ ማለቷ አያቴ ማለቷ ነው። እሳቸው እኔን አዩኝ፣ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ጮኼ ጮኼ፣ ቃሌን በደንብ የሰማችኝ ልጅ ይህቺ፣ የሰማችኝም ዛሬ። በንዴት አንድ ነገር ብወረውር ደስ ባለኝ።

ከወጥ ቤት ሻማ አምጥቼ ለኮስኩ፤ ፍሪዳም ግቢ ወጥታ አጠፋችው። ልጆቹ ጣታቸውን እየላሱ በሉ፤ እሷ መሃላቸው ተቀምጣ አየቻቸው። ኢላን ሁለተኛ ቁራጩን አጋምሶ ድንገት አቆመ።

«እሷ እስከ መቼ ነው የምትጠብቀው?»

«የሰዓቱ ትልቁ ዘንግ አንድ ዙር እስኪሞላ» አልኩት። « ገና ሃያ ደቂቃ አለ።»

ቁራጩን በሶፍት ሸፍኖ ፊቷ አስቀመጠላት። ወዲያው ደወል ተደወለ፤ እናቶች መጡ። የኢላን እናት መኪናዋን መንገድ ዘግታ አቁማ ኖሮ ቁልፏን እያቃጨለች ገባች።

«ኢላን፣ ተነስ እንሂድ።»

«ፍሪዳ ገና አልበላችም።»

«እና አንተ ምን አገባህ?»

«ልደቷ እኮ ነው። ብቻዋን ልትበላ ነው?»

ሴትዮዋ እኔ ላይ አፈጠጠች። ሌሎችም አራት አምስት ልጆች አንነሳም ብለው ቁጭ አሉ፤ እናቶቹም እያጉረመረሙ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ኢላን ወደ ፍሪዳ ዞሮ፣ «እስቲ እንደዚያ አውሪ፣ እንደ ዘፈኑ» አላት። ሊያሾፍባት ነው ብዬ ለመቆጣት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ስለ ቱኩማን፣ የእናቷን ጫማ ስለሰረቀው ውሻ ማውራት ጀመረች፤ እነሱም አፋቸውን ከፍተው አዳመጧት።

ከዚያ በኋላ መቻል አቃተኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ የወረቀቱን እስር ለዶን ናኡም ሰጠኋቸው።

«ሳልልከው ቀርቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት፤ ረቡዕ ሥጋ ነው፣ ኬክ ያለ ወተት ይሁን ይላል።

«ጽሕፈትሽ ያምራል» አሉና ከእስሩ አንዱን መዘው የኬኩን ቢላዋ ጠረጉበት።

«ሞራ፣ ደረሰ?» አለች ፍሪዳ።

«አራት ደቂቃ ቀረው።»

አንነሳም ካሉት ልጆች ካጠገቧ የተነሳ አልነበረም።