ፋብሪካው የላከው በር

የሽማግሌው አናጢ በር ድሮ ከወገቡ ለሁለት የተቆረጠ ነበር፤ ታችኛው ሲዘጋ ላይኛው ክፍት ይውላል። እግሩ ከድቶት አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ በዚያ በላይኛው በኩል አንገቱን እያሰገገ «እንዴት አደሩ ጋሼ?» ይለዋል። አንዷ ባሏን ታማለታለች፣ አንዱ የታመመ ጥርሱን ያሳየዋል፣ እሱም ተኝቶ ሁሉንም ይሳደባል። በሕይወት ያቆየው መድኃኒት አልነበረም፤ ስድቡ ነበር።

ያን በር የሠራው ተማሪው ነው። ተማሪው ዛሬ የትልቅ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ጌታ ሆኗል። በሩ አርጅቶ ሲንጋደድ ሽማግሌው «ራሱ መጥቶ ያቃናው» ብሎ ላከበት። እሱ ግን በመምጣት ፈንታ አዲስ በር ላከ። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ፣ ወፍራም፣ አበባ የተቀረጸበት፣ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ። የቤተ መንግሥት በር በጭቃ ቤት ላይ! ሠራተኞቹ አሮጌውን ነቅለው ጭነው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ መንገደኛው በሩን አይቶ ያልፋል። እንዲህ ያለ በር ማን ይደፍራል? ቢንኳኳስ ማን ተነሥቶ ይከፍታል? ቁልፉ ያለው ምግብ በምታመላልስለት በባለፋብሪካው ታላቅ እህት አንገት ላይ ብቻ ነው፤ ሰፈሩ እትዬ ይላታል። በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌው መሳደብ ተወ። ሾርባውን ስታቀርብለት «እግዜር ይስጥሽ» አላት። እትዬ ክው አለች። እሱ ሰው ሊያመሰግን? ሊሞት ነው አለች በልቧ።

በማግስቱ ፋብሪካው ቢሮ ገባች።

«ቀጠሮ አለዎት?» አለቻት ጸሐፊዋ።

«በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ያኔ በቀጠሮ አልነበረም የሚያለቅሰው» ብላ በሩን ገፋችው።

ወንድሟ ከወንበሩ ተነሣ። «እትዬ! ምነው ብትደውዪልኝ፣ መኪና እልክልሽ ነበር።»

«ላክ! ሥራህ መላክ ነው። መኪና ትልካለህ፣ በር ትልካለህ። ልጄን ስድር ፍሪጅ ላክህ። ፍሪጁ አልጨፈረም!»

«በሩ አልተስማማቸውም? ሌላ ቀለም ካለ...»

«ማሙሽ!» አለችው በልጅነት ስሙ። ጸሐፊዋ ሳቋን በእጇ አፈነች። «ሰውየውን ከነነፍሱ ዘግተህበታል። ተነሥ እንሂድ።»

«ዛሬ እኮ ስብሰባ...»

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል። ተነሥ ብያለሁ!»

ተነሣ። ግን እስከ ሰፈሩ ድረስ መኪና ውስጥ በስልክ ሲያወራ ነው። እትዬ ጥርሷን እያፋጨች ታየዋለች። በሩ ጋ ሲደርሱ ቁልፉን ከአንገቷ አላወጣችም።

«አንኳኳ» አለችው።

አንኳኳ። ደግሞ አንኳኳ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የደከመ ድምፅ።

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ።»

«እግር ቢኖረኝ እከፍትልህ ነበር። በሩን ለላከው ሰውዬ ንገረው፣ እሱ ይክፈትልህ።»

የወንድሟ ፊት ተለዋወጠ። ስልኩን አወጣ። «አሁኑኑ ልጆቹ መጥተው...»

እትዬ ስልኩን ከእጁ መንጭቃ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። «ደግሞ ልትልክ?» ከዚያ በሩን ከፈተችለት።

«መጋዙ አልጋዬ ሥር ነው» አለ ሽማግሌው፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ባለፋብሪካው ኮቱን አወለቀ። አራቱን ማጠፊያ ፈትቶ በሩን ሁለት በርጩማ ላይ አጋደመው። መጋዙ ዝጓል፣ እጁ ለስልሷል። ያን ሁሉ አበባ መሐል ለመሐል ሲቆርጠው ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፤ መዳፉ ተላጠ። እንደ ምንም ጨርሶ መልሶ ሰቀለው።

«ጠሟል» አለ ሽማግሌው።

«አልጠመመም ጋሼ።»

«ጠሟል እልሃለሁ! እኔ ነኝ እንዲህ መቁረጥ ያስተማርኩህ? አንተ ደንቆሮ፣ አንተ የእንጨት ጠላት!» ስድቡ ይዥጎደጎድ ጀመር። ያን የሰማች ጎረቤት በላይኛው በኩል አንገቷን አስገባች። «ውይ ጋሼ! አሉ እንዴ?»

የእትዬ ንዴት ግን አልበረደም። ወንድሟ ኮቱን ለብሶ እጁን ዘረጋላት። «ስልኬን ስጪኝ እትዬ። ነገ ሠራተኛ ልኬ አቃናዋለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ነገ ሠራተኛ...»

ስልኩ ጉያዋ ውስጥ መጮህ ጀመረ። እትዬ ሻርፗን ደርባ ሸፈነችው።

«ነገ መላጊያህን ይዘህ ራስህ ስትመጣ ትወስደዋለህ። እስከዚያ ይጩህ።»