የታጠበው በቆሎ

«ሦስተኛ ውሃ ነው፤ አሁንማ ጠርቷል» አለች ባየች የተባለችው ጎረቤት፣ ለንፍሮ የተዘፈዘፈውን በቆሎ በእጇ እያሸች።

ሕይወት ወደ ሳፋው ጎንበስ አለች። እናቷ ወይዘሮ ዓለምሸት ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ድንኳኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ውሃው ግን አልጠራም፤ ሮዝ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው እትዬ ባየች?»

«ለዘር የታደለው ነዋ! እዚህ ሚኤሶ ዝናቡ ቀርቶ ሳይዘራ ከረመ። መድኃኒት ተቀብቷል፤ ቀለሙ ከለቀቀ ግን መርዙም ይለቃል አቦ። ያስተማሩኝ እናትሽ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ሁለት ወር ሙሉ እሱን አይደል የበሉት?»

ሕይወት ሳፋውን ከባየች ፊት ሳበችው። ያን ሁለት ወር እናቷ ከሚኤሶ መናኸሪያ የጤፍ ዱቄት ሲልኩላት ነበር፤ እሷ አዳማ ትማራለች። «አንቺስ እማዬ?» ስትላቸው «እኔ ምን ጎደለብኝ? ጎመን በጤና!» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። በኋላ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሐኪም ቤት ሲገቡ፣ ሐኪሙ ጉበታቸው መጎዳቱን ነግሯቸው ምን ሲበሉ እንደከረሙ ጠየቃቸው። «እንጀራ» አሉ ኮስተር ብለው። ልጅ ፊት ርቦኝ ነበር ይባላል እንዴ! ኩራት እራት አይሆንም ይላሉ፤ ዓለምሸት ግን እራት አድርገውት ኖረዋል።

«ድንኳን ውስጥ ያለውስ ንፍሮ?»

«ከዚሁ ነው፤ ጠዋት የቀቀልኩት።»

ሕይወት ሮጠች። ከድንኳኑ በር ስትደርስ ግን እግሯ ተሳሰረ። ከተናገረች የእናቷ ገበና በእድርተኛው ሁሉ ፊት ሊዘረገፍ ነው። አፈሩ እንኳ ገና አልደረቀም። በዚያ ቅጽበት፣ የእናቷን ማሳ በእኩል የሚያርሱት ሽማግሌ ጅብሪል እጃቸውን እንደገና ወደ ንፍሮው ሰፌድ ሲሰዱ አየች።

ሰፌዱን ነጥቃ ደፋችው።

«እንዳትበሉ! የዘር በቆሎ ነው! እናቴን የገደላት እሱ ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ርቧት ነበር። ርቧት ነው የበላችው።»

ጅብሪል «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው አፋቸው ውስጥ የነበረውን መዳፋቸው ላይ ተፉ። ከተፉት ይልቅ የዋጡት ይበዛል፤ እሳቸውም አውቀውታል።

ባየች ተከትላት መጥታ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

«ሕይወት» አለች ቀስ ብላ፣ «እናትሽ ችግሬን አይተው ግማሹን አካፍለውኝ ነበር። ልጆቼ ሦስት ሳምንት በሉት። ትንሿ ሰሞኑን ሆዴን ትላለች።»

ሕይወት ወደ ባየች ቀረበች። እናቷ ምንጊዜም ያላቸውን ብቻቸውን በልተው አያውቁም፤ ይህን ደግነታቸውን ስትወደው ነው ያደገችው፤ አሁን ግን አስፈራት።

«ተነሺ፣ ልጆቹን ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው።»

ባየች መነሳት አቃታት። ሕይወት ከበሩ ሥር ጫማዎቿን አንስታ ተንበረከከችና አጠለቀችላት። የቀኙን በግራ እግሯ፣ የግራውን በቀኝ። ሁለቱም ሳያስተውሉት ተደጋግፈው ወጡ።