ከዳሽቦርዱ ሥር

"አጥፋው! ወንድም ጋሼ፣ አጥፋው!"

ወንድሟ ዋናውን ማብሪያ ወዲያው መለሰው። እህቱ ግን በጀርባዋ እንደተኛች፣ እግሮቿ ከአውሮፕላኑ በር ውጭ እንደተንጠለጠሉ፣ ትንፋሿን ውጣ ቀረች። ከአፍንጫዋ በላይ ቀጭን ጭስ ይትጎለጎላል። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ጠባቧን የአብራሪ ክፍል ሞልቷታል።

"ምን ሆነ?" አለ፣ ድምፁ ተሰባብሮ።

"ሾርት ነው። መጀመሪያ ባትሪውን ንቀልልኝ።"

ወንድሟ ዕድሜውን በብየዳ የጨረሰ ሰው ነው። ይህችን ባለ አንድ ወንበር አውሮፕላን ግቢው ውስጥ ሲገጣጥም ልጆቹ አድገው ከቤት ወጡ። ጎረቤቱ "ካፒቴኑ" እያለ ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ብረት እንደ ልቡ ይታዘዝለታል፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ግን ዓይንና ናጫ ናቸው። ስለዚህ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነችውን ታናሽ እህቱን ሽቦውን እንድትዘረጋለት ጠራት። ነገ ጠዋት የአቪዬሽን ፈታሹ መጥቶ አይቶ ከፈቀደለት፣ ሊበርባት ነው።

በእጅ ባትሪ እያበራች ብልሽቱን ፈለገች። የነዳጅ ፓምፑ ሽቦ በቆርቆሮው ቀዳዳ ራቁቱን አልፎ፣ ስለታሙ ጠርዝ ሽፋኑን ልጦታል። እሷ ያለ መከላከያ ጎማ በቀዳዳ ሽቦ አሳልፋ አታውቅም።

"ይቺን ማን ዘረጋት?"

"እኔ። ትናንት አንቺ ስትቀሪብኝ፣ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ…"

"ሌላስ የነካኸው?"

"የለም። እሷን ብቻ።" ቶሎ ብሎ ነው የመለሰላት። ቶሎ ብሎም ጎማ ሊፈልግ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ።

መኪና ቢሆን ዳር ይዞ ይቆማል፤ እዚያ ላይ ምን ዳር አለ? አለች ለራሷ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች።

የወንድሟ ሚስት በሩ አጠገብ መጥታ አጎነበሰች። "ጭሱን አይቻለሁ" አለች በሹክሹክታ። "እታለም፣ በሞቴ፣ አንዷን ሽቦ ላላ አድርጊለት። አልሠራም በይው። ከዚህ ዓለም አንቺን ብቻ ነው የሚያምነው።"

"እትዬ፣ የሚያምነኝ እኮ እንደዚያ ስለማላደርግ ነው።"

"ታዲያ እኔ ነገ ምን ልሁን? ሜዳ ላይ ቆሜ ሽቅብ ልየው?"

ሴትየዋ እንባዋን እያበሰች ስትርቅ፣ እጇ ሳታዝዘው አንዲት ብሎን ላይ አረፈ። ትንሽ ብታላላት ማን ያውቃል? ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

ወንድሟ ጎማውን ይዞ ተመለሰ። የተቃጠለውን ሽቦ በአዲስ ተካች፣ ጎማውን አለበሰች፣ ፊውዝ ቀየረች። ባትሪው ተገጥሞ ማብሪያው ሲነካ መብራቶቹ ቦግ አሉ፤ ፓምፑ አንጎራጎረ።

"ይኸው! ምን ትያለሽ?" ፊቱ የሕፃን ፊት መሰለ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ቶሎ ብሎ የሰጣትን መልስ ግን አልረሳችውም። እጇን ከዳሽቦርዱ ጀርባ አስገብታ የሽቦውን ጥቅል ዳበሰችው። በቴፕ የተጠቀለለ፣ በእጅ የተጠመዘዘ መጋጠሚያ ነካች። የእሷ ሥራ አይደለም። አለፍ ብላ ሌላ አገኘች።

"እሷን ብቻ ነው ያልከኝ።"

"ነገ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው" አለ፣ ዓይኑን ከእሷ አሽሽቶ። "የትኛውን እንደነካሁ አሁን እኔም አላስታውስም። ግን ይሠራል አይደል? በዓይንሽ አየሽው እኮ!"

"አዎ፣ ይሠራል።"

ተነሥታ ባትሪውን ነቀለች። ተመልሳ ገባችና ፒንሳዋን አንሥታ የመጀመሪያውን ሽቦ ቆረጠችው።

"ምን እያደረግሽ ነው!" ወዲያው ዓይኑ በረንዳው ላይ ወደቆመችው ሚስቱ ሄደ። "ገባኝ! እሷ ናት ያስደረገችሽ፣ አይደል?"

"ለምናኝ ነበር፤ እምቢ ብያታለሁ። ይሄ የራሴ ነው። ያንተን ሥራ ከእኔ ሥራ ለይቼ አልጨርስም፤ ስለዚህ ሁሉንም አውጥቼ ከሀ እጀምራለሁ።"

"ፈታሹንስ ምን ልበለው?"

"አልደረሰም በለው።"

ቆሞ አያት፤ ለፈታሹ ሊደውል ስልኩን አላወጣም፣ ሊያስቆማትም እጇን አልያዛትም። እሷም መልሱን አልጠበቀችም፤ የሚቀጥለውን ሽቦ በጣቷ ፈልጋ አገኘችና ፒንሳውን ጨመቀችው።