ባዶ ሣህን

ታላቅየው የማቅለሚያ ቤቱን በር ተደግፎ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።

«ሬሳ ታቅፈሽ ነው እኮ የተቀመጥሽው» አለ።

እህቱ ከግራጫው ሣጥን ጀርባ እንደተንበረከከች መለሰችለት። «ሬሳ አይደለም። አንድ ዲስክ ነው የተቃጠለው።»

«ለአባዬም ሐኪሙ አንድ የደም ሥር ነው ብሎ ነበር።»

አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት እንዲህ ነው። ቤቱን እኩል ወርሰውታል፤ እሷ ክር እየቀለመች ልትኖርበት፣ እሱ አዳራሹን ለመጋዘን ሊያከራየው።

ግራጫው ሣጥን ለገንዳዎቹ ቀለም የሚመጥነው የአባታቸው ኮምፒውተር ነው። የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ውስጡ የዛሬዎቹን ስለማይመስል ለሌላ ኮምፒውተር የተሠራ ፕሮግራም አይቀበልም፤ የፓምፖቹና የቧንቧዎቹ ሽቦ ደግሞ ከእሱ ሌላ ጌታ አያውቅም። አባትየው የቀለሙን አመጣጠን የጻፉለት ሊስፕ በሚባል፣ ቅንፍ በቅንፍ ላይ በሚደራረብበት ቋንቋ ነው። የጻፉት በሌላ ዲስክ ላይ በደህና ተቀምጧል። የጠፋው የተጻፈውን አንብቦ የሚያሠራው ሊስፑ ራሱ ነው። ደብዳቤው አለ፤ አንባቢው ሞቷል።

ኢንተርኔቱን አገላብጣ ፈልጋለች። ለዚህ ሣጥን ካልሆነ በቀር ለሁሉም ማሽን ሊስፕ ሞልቷል። አንድ ቦታ «እዚህ ይገኛል» የሚል አግኝታ ብትከፍተው ጫማ ሻጭ ቤት አስገባት። በአንድ የባለሙያዎች መድረክ ላይ ብትጠይቅ «ሙዚየም ጠይቂ» አሏት። በመጨረሻ ከአንድ የቆየ ውይይት ውስጥ ለዚህ ማሽን ሊስፕ የሠራ ሰው ስም ብቅ አለ። ስሙ እነሱ ቤት አይነሣም። አባቷ «ቅንፍ» እያሉ ነበር የሚጠሩት፤ ያውም ሲራገሙ ብቻ።

«ቅንፍ ጋ ልሄድ ነው» አለች።

ወንድሟ ሳቀ። «ቂም ይዞ ጸሎት። ሂጂ። ቅዳሜ ጠዋት ግን የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው መኪናውን ይዞ ይመጣል። ያ የታዘዘው ነጭ ክር ታጥቦ ነጭ ሆኖ ከወጣ ባዶውን ይመለሳል። ካልወጣ ሣጥኑንም ገንዳውንም ይጭናል። ተስማማን?»

«ተስማማን፣ ወንድም ጋሼ» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ቅንፍ የተፈታቱ ማሽኖች በሞሉበት ክፍል ውስጥ ተቀብሎ አቆማት። ባዶ ወንበር ነበር፤ በላዩ የተጠቀለለውን ሽቦ ግን አላነሣላትም።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። አፍንጫሽ ይናገራል።»

«ሊስፑ አለዎት?»

«አለኝ። ለአባትሽም ሰጥቼው ነበር። መለሰልኝና የራሱን ጻፈ። ከሰው ትክክል ይልቅ የራሱን ስሕተት የሚመርጥ ሰው ነበር።»

«ቀብሩ ላይ እንኳ አልመጡም።»

«አልጠራኝማ።»

ዲስኩን ጠረጴዛው ጠርዝ ድረስ በአንድ ጣቱ ገፋላት። «ስሚ። በእኔ ሊስፕ ባዶ ዝርዝር ማለት ‹የለም› ማለት አይደለም። አባትሽ ሁለቱ አንድ ናቸው ይል ነበር። ባዶ ሣህንም ሣህን ነው ስለው አኮረፈኝ።»

«በባዶ ሣህን ነው የተጣላችሁት?»

«አንቺም አልገባሽም። ይዘሽ ሂጂ።»

የሽማግሌ ብሽቀት መሰላት። ዲስኩን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ደረጃውን ሳትጨርስ ረሳችው።

ቅዳሜ ጠዋት የነጋዴው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ግቢ ውስጥ ቆመ። እሷ ሣጥኑን አስነሣች። የቅንፍ ሊስፕ የአባቷን ጽሑፍ ያለ አንዳች ቅሬታ አነበበ። ፓምፑ አጉረመረመ፤ ውሃው የክሩን ጥቅል ሸፈነ። በወንድሟ ጣት ላይ የሚዞረው ቁልፍ ቀጥ አለ።

ከዚያ የቀለሙ ቧንቧ ተከፈተ።

ለነጭ ክር መከፈት አልነበረበትም። ቀዩ ቀለም ተንፎለፎለ፣ አልዘጋ አለ። ማጥፊያውን በመዳፏ እስክትመታው ድረስ ክሩ የተገረፈ ጀርባ መስሏል።

«ነጭ ይሄ ነው?» አለ ወንድሟ።

«ነግሬአት ነበር» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ። ቅንፍ ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ ይዞ ቆሟል። «ለእናንተ ብዬ አይደለም። ሊስፔ በሰው ቤት እንዴት እንደዋለ ለማየት ነው የመጣሁት።»

አሁን ገባት። የአባቷ ጽሑፍ ቧንቧውን ከመክፈቱ በፊት «ቀለም አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ለነጭ ክር የቀለሙ ዝርዝር ባዶ ነው። ለአባቷ ባዶ ማለት «የለም» ነበር። ለቅንፍ ሊስፕ ግን ባዶውም ነገር ስለሆነ «አለ» ብሎ ከፈተ፤ መጠኑ ስላልተነገረው መዝጋቱን አላወቀም።

«ሊስፑን አንድ ቦታ ብቻ ብነካው ይስተካከላል» አለች።

«ከነካሽው ዲስኬን ይዤ እወጣለሁ። የሱን አስተካክዪ። ያንን ጥያቄ በጠየቀበት ሁሉ።»

«መኪናው ነዳጅ እየጨረሰ ነው» አለ ወንድሟ።

«ቅዳሜ ጠዋት ነው ያልከው። ጠዋቱ አላለቀም።»

የብረት ነጋዴው ከመኪናው መስኮት አንገቱን አወጣ። «እኔ ጠዋት የምለው እስከ ምሳ ነው።»

ቅንፍ በጃንጥላው ጫፍ ከወንበሯ አስነሣትና ተቀመጠ። አባቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ወንበር ነው። ጥያቄውን ባገኘበት ቦታ ሁሉ «ዝርዝሩ ባዶ አይደለም?» እያለ ይለውጠዋል፤ በለወጠ ቁጥር ደግሞ ፊቱ እንደተቀመጠ ሰው «ተሳስተሃል» ይላል ዝቅ ባለ ድምፅ። እንደገና «ተሳስተሃል»። እሷ ከኋላው ቆማ ሰማች። አንገቱን ይዛ ልታስወጣው እጇን በላት፤ የመኪናው ሞተር ግን ግቢ ውስጥ ይንተከተካል። ዋጠችው።

በመካከል እጁ ቆመ። አባቷ ማሽኑ ዘሎት የሚያልፍ፣ ሰው ብቻ የሚያነበው መስመር ጽፈው ኖሯል፦ «ቅንፍ ይህን አይወደውም።»

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሊሰርዘው ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ከሥሩ «አልወደደውም» ብሎ ጻፈና ሥራውን ቀጠለ።

ሌላ ጥቅል አስገቡ። የቀለሙ ቧንቧ እንደተዘጋ ቀረ። ታላቅየው አንዱን ክር መዝዞ ወደ ብርሃኑ ያዘ፤ እንከን ሲፈልግ ቆይቶ ሲያጣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ነጋዴውን «ሂድ» አለው።

«ከብረቱ እናንተ ትከብዳላችሁ» አለ ነጋዴው መሪውን እየጠመዘዘ።

ቅንፍ ተነሣ። «መቃብሩ ጋ ስትሄጂ ንገሪው። ባዶ ሣህን ሣህን ነው።»

«እርስዎ ይንገሩት። መንገዱ አይጠፋዎትም።»

«አልጠራኝም አልኩሽ» ብሎ ወጣ።

እሷ የተበላሸውን ክር ከገንዳው ልታወጣ ጎንበስ አለች። ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ብትስበው አልነቃነቅ አላት። ወንድሟ ቆሞ ሲያያት ቆየ፤ ከዚያ ሰዓቱን ፈታና ሌላውን ጫፍ ያዘ።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለ። «ወለሉ ይበላሻል።»